ከምልክቱ በፊት መለዋወጫው ይጠየቅ

ደሴ አጠገብ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ የሞተር መጋዝን የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም። የማስነሻ ገመድ ይበጠሳል፤ ካንዴላ ይሞታል፤ የነዳጅ ፊልትሮ ይደፈናል፤ ሰንሰለቱን የሚያሽከረክረው ጥርስ ተበልቶ ያልቃል። ሁሉም በመዳፍ የሚያዙ፣ በዋጋም ከማሽኑ ጋር የማይነጻጸሩ ዕቃዎች ናቸው። ዕቃው ደሴ ከሌለ፣ ኮምቦልቻም ካልተገኘ ግን ቀጣዩ አማራጭ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ ነው። ዕቃው እስኪመጣ ዛፉ በቁሙ ይቆያል፣ የተጣለው ግንድ ሳይቆራረጥ ይከርማል፣ ጫኝ መኪናው ሌላ ሥራ ይይዛል፣ የቀን ሠራተኛውም ገቢው ይቋረጣል።

እንዲህም ሆኖ የሞተር መጋዝ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ስም ነው። የጀርመኑ ይሻላል ወይስ የስዊድኑ? የቻይናውስ ስንት ዓመት ያገለግላል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ቦታቸው ግን ሁለተኛ ነው። መቅደም ያለበት ማሽኑ ሲቆም ማን እንደሚጠግነው፣ ዕቃውም ከየትና በስንት ቀን እንደሚመጣ መጠየቅ ነው። ደቡብ ወሎ ላይ አንድ የማሽን ስም ታማኝ ደንበኛ ሊያገኝ የሚገባው በአካባቢው ባስቀመጠው መለዋወጫና ባሠለጠነው ጠጋኝ ልክ ነው። መጠየቅ የገዢው፣ ማሟላት የአስመጪው፣ መከታተል ደግሞ የመንግሥት ድርሻ ነው።

ጉዳዩ ለአካባቢው ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ዛፉን ማየት ይበቃል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ በጠሩበት ጊዜ በቦሩ ሜዳ ዙሪያ አንድም ባሕር ዛፍ አልነበረም። ዛፉ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ ከደሴ ወደ ኩታበር የሚጓዝ ሰው ከገብስና ከባቄላ ማሳው ዳር፣ ከቤቱ ጓሮ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ባሕር ዛፍ ያያል። ደጋውን ነጭ ባሕር ዛፍ ይዞታል፤ ወደ ኮምቦልቻ ዝቅ ሲባል ሙቀቱን የሚችለው ቀይ ባሕር ዛፍ ይበረክታል። ከ1965ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ ደግሞ የተራቆቱት ተራሮች በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በችግኝ እንዲሸፈኑ ብዙ ተሠርቷል።

ለገበሬው ባሕር ዛፍ በችግር ቀን የሚመነዘር ሀብት ነው። ለልጅ ትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለሠርግ፣ ለዕዳ ክፍያ ይቆረጣል። ቀጭኑ አጣናና ማገር ይሆናል፤ ወፈር ያለው ለቋሚና ለወራጅ ይሄዳል፤ ትልቁ ግንድ ተሰንጥቆ ጣውላና ሞራሌ ይወጣዋል። በደሴና በኮምቦልቻ የሚሠሩት ፎቆች በአጣና ተደግፈው ነው ወደ ላይ የሚወጡት። ቀጭኑን በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ መጣል ይቻላል። ግንዱ ሲወፍር፣ ጣውላ ሲፈለግ፣ ትእዛዝም ሲበዛ ግን የሞተር መጋዝ ያስፈልጋል።

መጋዙ ደኅና መሆኑ ለሚቀጥለው ምርትም ይጠቅማል። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ የተተከለ ዛፍ ለተከታታይ ዙሮች ይታጨዳል። ቡቃያው ጠንካራ እንዲሆን ግን ጉቶው ዝቅ ብሎ፣ ውሃ እንዳያቁር ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ቅርፊቱም ሳይላጥ መቆረጥ አለበት። መጥረቢያ ጉቶውን ከፍ አድርጎ ይተዋል፤ በፍልጥና በስንጥርም ብዙ እንጨት ያባክናል። የተሳለ ሰንሰለት ያለው መጋዝ ይህን ጉዳት ይቀንሳል። የደነዘ ሰንሰለት ግን ቅርፊቱን ይቦጭቃል፣ ሞተሩን ያለ አግባብ ያስጮሃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ የሠራተኛውንም ክንድ ያደክማል። የአምስት ደቂቃ መሞረድ ለሚፈታው ችግር ትክክለኛው ሞረድ ገበያ ላይ ካልተገኘ ጉዳቱ ከመጋዙ ባለቤት አልፎ የዛፉን ባለቤት ይነካል።

ወደ ስሞቹ እንመለስ። በዓለም ላይ ስለ ሞተር መጋዝ ሲነሣ ሁለት ስሞች ይቀድማሉ። አንድሪያስ ሽቲል ድርጅቱን ሽቱትጋርት ከተማ ውስጥ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። የስዊድኑ ሁስክቫርና እ.ኤ.አ. በ1689 የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሆኖ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያውን የሞተር መጋዝ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የሁለቱም ክብር ከፋብሪካቸው ጥራት ብቻ የመጣ አይደለም። ሽቲል አሜሪካ ውስጥ ማሽኑን በሰፋፊዎቹ የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ መደብሮች ላለመሸጥ ወስኖ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። እንዲያውም በዓለም ብዙ የሚሸጠው መጋዝ በእነዚያ ስመ ጥር መደብሮች ለምን እንደማይገኝ በጋዜጣ ማስታወቂያ እያነሣ መልሱን ራሱ ሰጥቷል፦ ማሽኑን ገጥሞ፣ አስነሥቶ፣ አጠቃቀሙን አሳይቶ የሚያስረክብ፣ ሲበላሽም የሚጠግን ሻጭ ስለሚያስፈልግ ነው። የአገልግሎት ሻጮቹ ብዛት በሺዎች የሚቆጠር ነው።

ለእኛ ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ያ ስም የተከበረው ከሻጩ፣ ከጠጋኙና ከዕቃ መደርደሪያው ጋር ነው። ስሙ ብቻውን ተነጥሎ በካርቶን ታሽጎ ደሴ ሲደርስ ከክብሩ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። ገዢው ለሙሉው ዋጋ ከፍሎ የሚረከበው ግማሹን ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን እውነት ከመኪና ገበያ ጠንቅቀው ያውቁታል። ቶዮታ በአገሪቱ መንገድ ላይ የገነነው በሞተሩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ሞኤንኮ ለረጅም ዘመን በወኪልነት ሲሠራ ቆይቷል፤ ከወኪሉ ውጭም መርካቶ ሶማሌ ተራ የገባ ሰው አዲስም ይሁን ያገለገለ የቶዮታ ዕቃ አያጣም። ከ30 ዓመት በላይ የተነዳ ዲኤክስ ኮሮላ ዋጋውን ይዞ የቆየው የትም ጋራዥ የሚፈታው፣ ዕቃውም የትም የሚገኝ በመሆኑ ነው። ገዢው በስሙ ላይ የጣለው እምነት ከዕቃው መገኘት የመነጨ ነው።

ተቃራኒው ምሳሌም ቅርብ ነው። ሆላንድ ካር የሚባለው የመኪና መገጣጠሚያ በአገር ውስጥ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ሥራ ጀምሮ በ2005 ዓ.ም. ኪሳራ ላይ ወደቀ፤ መኪኖቹን የገዙ ሰዎች መኪናቸው ያለ አሳዳጊ ድርጅት ቀረ። በግብርናው ዘርፍ ደግሞ የያኔው ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ከፖላንዱ ኡርሱስ ጋር ለ3,000 ትራክተሮች የ90 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈራረመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኡርሱስ ራሱ በአገሩ ኪሳራ ደረሰበት። ትራክተር ገዝቶ የአምራቹን ፋብሪካ መዘጋት የሰማ ገበሬ ቀጣዩን የሃይድሮሊክ ፓምፕ ከማን ይጠይቅ? ዛሬ ያለ ወኪል፣ በግለሰብ አስመጪ በኩል እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ባለቤቶችም በዚሁ ጥያቄ ፊት ቆመዋል። የሞተር መጋዙ ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም መሠረቱ ያው ነው።

ስለ ቻይና ሠራሽ መጋዞች ሲነሣ ብዙ ሰው በንቀት ይናገራል። ንቀቱ ፍትሐዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጣው የሽቲል 070 እና ከእርሱ በኋላ የመጣው ኤምኤስ 381 በአፍሪካ፣ በእስያና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ዝናቸው የናኘ ነው። የቻይና ፋብሪካዎች እነዚህን ሞዴሎች ከሲሊንደራቸው እስከ መጨረሻ ብሎናቸው አስመስለው ይሠራሉ። በዚህም ምክንያት ያልታሰበ ጥቅም ተገኘ፤ ለቅጂው የተሠራው ፒስቶን፣ ካርቡሬተርና ፍሪሲዮን በብዙ ሁኔታ ለዋናውም ይገባል። ወኪል ባልደረሰበት ገበያ የጀርመኑን መጋዝ በሕይወት ያቆየው የቻይናው መለዋወጫ ነው ማለት ይቻላል። ገንዘቡ የተቆጠረ ገዢ ዕቃው የሚገኝለትን ርካሽ ማሽን ቢመርጥ የተሳሳተ ምርጫ አላደረገም።

ሆኖም ሁለት ነገሮች በግልጽ መለየት አለባቸው። በራሱ ስም፣ በራሱ ዋጋ የሚሸጥ የቻይና ማሽን አንድ ነገር ነው። የሌላውን ድርጅት ምልክት ለጥፎ ‘ኦርጅናል ነው’ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህ ማጭበርበር ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ባለምልክቱን ይጠብቃል፤ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሐሰተኛ ምልክት የተሸጠ ፒስቶን በሁለት ሳምንት ፋሻው ሲነክስ ገዢው ገንዘቡን ብቻ አያጣም፤ በትክክለኛውም ዕቃ ላይ እምነት ያጣል።

ሌላው ጉዳይ የሰው አካል ነው። የ070 ንድፍ የተሠራው የደኅንነት ደንቦች ከመጥበቃቸው በፊት ነው፤ የሰንሰለት ፍሬን የለውም፣ ንዝረት መቀነሻም የለውም። የመጋዙ አፍንጫ የላይኛው ጫፍ በድንገት እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊትና አንገት ይወረወራል። የሰንሰለት ፍሬን ያለው መጋዝ በዚያች ቅጽበት ሰንሰለቱን ያቆማል፤ የሌለው አያቆምም። ፍሬን ያለውም ቢሆን የፍሬኑ ማሰሪያ ተበልቶ መተኪያ ከታጣ፣ ጠጋኙም ‘ለጊዜው ይሥራ’ ብሎ ከፈታው፣ ከሌለው ጋር እኩል ይሆናል። ያን ጊዜ የመለዋወጫ እጥረት ከገንዘብ ጉዳይነት አልፎ የቆራጩን ሕይወት የሚነካ ጉዳይ ይሆናል።

የአካባቢው መልክዐ ምድር ራሱ ሌላ ፈተና ያመጣል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቦሩ ሜዳም በዚያው ደጋ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ አጭር ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ስድስት መቶ ሜትር ያህል ያወርዳል። በደጋው አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከባሕር ዳርቻ ኃይሉ አንድ አራተኛ ያህሉን ያጣል፤ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸርም ቤንዚን ይበዛበታል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ጠጋኙ የካርቡሬተሩን ብሎን አጥብቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ መጋዙም ይስተካከላል። ያው መጋዝ በነገታው ያለ ማስተካከያ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ሙሉ ቀን ቢሠራ ግን አየሩ ይበዛበትና ቤንዚን ያንሰዋል፤ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይትም ስለሚቀንስ ፒስቶኑ ይግላል፣ ሲሊንደሩን ይቧጥጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥገና ከማሽኑ ዋጋ ጋር መወዳደር ይጀምራል።

ታላላቆቹ አምራቾች ለዚህ መፍትሔ ሠርተዋል። የሽቲል ኤም-ትሮኒክ እና የሁስክቫርና ኦቶቱን የተባሉት ዘዴዎች ቤንዚኑንና አየሩን በኤሌክትሮኒክስ ራሳቸው ይመጥናሉ። ከቦሩ ሜዳ ወደ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ቆራጭ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ችግሩ እንዲህ ያለው ማሽን ሲታመም መመርመሪያው የድርጅቱ ልዩ መሣሪያና ሶፍትዌር መሆኑ ነው። ካቻቪቴ የያዘው የመንደር መካኒክ ሊደርስበት አይችልም። ስለዚህ ዘመናዊው መጋዝ ከአሮጌው ይልቅ በወኪል ላይ ጥገኛ ነው። ወኪሉ በሌለበት አካባቢ ውድና የረቀቀ ማሽን መግዛት፣ ሐኪም በሌለበት አገር ውድ መድኃኒት እንደ መግዛት ነው።

ከገዢውና ከሻጩ ቸልተኝነት የሚመጣ፣ ግን በቀላሉ የሚቀር ኪሳራም አለ። ዘመናዊው የመጋዝ ሰንሰለት መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ነው፤ ጆ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ የዛፍ ትል እንጨት እንዴት እንደሚበላ አጥንቶ የፈጠረው ሰንሰለት ኦሪገን ለተባለው ድርጅት መነሻ ሆነ። ሰንሰለት በስም አይገዛም፤ በሦስት ቁጥሮች ይገዛል። የመጀመሪያው ሦስት ተከታታይ የማያያዣ ካስማዎች የያዙት ርቀት ግማሽ ነው፤ 3/8 ኢንች ወይም 0.325 ኢንች ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በብረቱ ቦይ ውስጥ የሚገባው የመንጃ ጥርስ ውፍረት ነው፤ 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር። ሦስተኛው የመንጃ ጥርሶቹ ብዛት ነው። ሦስቱ ከተገጣጠሙ የአንዱ ድርጅት ሰንሰለት በሌላው መጋዝ ላይ ይሠራል። አንዱ ቁጥር ከሳተ ግን የጀርመኑም ቢሆን አይሠራም፤ ብረቱን ይበላል፣ ሲብስም ይበጠሳል። ሞረዱም እንዲሁ ነው፦ ለ3/8 ኢንቹ 5.2 ሚሊ ሜትር፣ ለ0.325ቱ 4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከመጋዙ ጋር የሚሰጥ ሻጭ ብዙ ገንዘብ ከመባከን ያድናል።

ሻጮችን ብቻ መውቀስ ግን እውነቱን አያሟላም። መለዋወጫ ማስቀመጥ ገንዘብ ማሰር ነው። ፒስቶን ወይም የካርቡሬተር ላስቲክ መደርደሪያ ላይ ወራት ሊቀመጥ ይችላል፤ ሙሉ ማሽን ግን ቶሎ ይሸጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከ58 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያን ቀን ባዶ መደርደሪያ የነበረው ነጋዴ ያንኑ ዕቃ ለመሙላት ወደ እጥፍ የሚጠጋ ብር ማውጣት ነበረበት። ከዚያ ቀደም ብሎ ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ተይዘው ሱቆችና ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎታል። የአንድ ከተማ ነጋዴ ብቻውን ይህን ሁሉ ተሸክሞ ዝግ ብሎ የሚሸጥ ዕቃ ያስቀምጥ ማለት ከባድ ነው።

መፍትሔው ከአስመጪው ይጀምራል፤ ቦታውም ኮምቦልቻ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፣ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ከ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ከጅቡቲ የሚነሣ ኮንቴይነር በሚሌና በባቲ በኩል አድርጎ አዲስ አበባን ሳይረግጥ ኮምቦልቻ ሊገባ ይችላል። የሰሜኑ ገበያ መለዋወጫ ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ወርዶ፣ ከዚያ 400 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ አስመጪ ወይም ተባብረው የሚሠሩ ጥቂት አስመጪዎች ኮምቦልቻ ላይ አነስተኛ የመለዋወጫ መጋዘን ቢከፍቱ ደቡብ ወሎን ብቻ ሳይሆን ሰሜን ወሎን፣ ዋግ ኽምራንና ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንን ያገለግላሉ። ዝርዝሩም አይረዝምም፦ ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት፣ ጥርስ፣ ካንዴላ፣ የአየርና የነዳጅ ፊልትሮ፣ የማስነሻ ገመድና ስፕሪንግ፣ የካርቡሬተር ላስቲክ፣ የፍሬን ማሰሪያ፣ ፒስቶን ከነፋሻው። ከዕለት ብልሽቱ አብዛኛው በዚህ ይሸፈናል።

ዕቃ ብቻውን አይጠግንም፤ እጅ ያስፈልጋል። ደሴ የወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ መኖሪያ ናት፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ኮምቦልቻ ነው። የአውቶሞቲቭ ትምህርቱ ትኩረት መኪና ላይ ነው፤ ባለ ሁለት ምት ትንሽ ሞተር ግን መጋዙን፣ የመርጫ ማሽኑን፣ አንዳንዱንም የውሃ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። የጥቂት ሳምንታት አጭር ሥልጠና ቢዘጋጅ፣ ቤንዚንና ዘይት በአምራቹ መጠን መቀላቀልን፣ ካርቡሬተር ለደጋና ለቆላ ማስተካከልን፣ ሰንሰለት መሞረድንና የፍሬን ፍተሻን ቢያስተምር ሥራ ፈላጊ ወጣት የራሱን ቤንች ይከፍታል። ለዚህ ልምድ ያለው አገር በቀል ተቋምም አለ፤ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በመነሻውም በስዊድን ድጋፍ፣ የደን ባለሙያ ሲያሠለጥን ኖሯል።

ገዢዎችም ኃይላቸውን ማሰባሰብ ይችላሉ። በአንድ አካባቢ የሚሠሩ ቆራጮችና የእንጨት ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው የተለያየ ሞዴል ቢይዙ ሻጩ ለሁሉም ዕቃ ማስቀመጥ አይችልም። ተመካክረው አንድ ወይም ሁለት ሞዴል ቢመርጡ ግን ለሻጩ የሚያዋጣ ገበያ ይፈጥራሉ፤ አንዱ የሌላውን መለዋወጫ ይዋሳል፤ አሮጌው ማሽን ሲሞትም ለወንድሙ ዕቃ ይሆናል። የምርጫው ስም የጀርመን፣ የስዊድን ወይም የቻይና መሆኑ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሊሰማም ይገባል። የሞተር መጋዝ እንዲቀልል መርዳት የደን ጭፍጨፋን መርዳት አይሆንም ወይ? የጎፍን የመሰለ የጥድ ደን ከኮምቦልቻ በላይ ቆሞ እያለ ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ሕጉም ይህን ያውቃል፤ የደን አዋጅ ቁጥር 542/1999 ያለ ጽሑፍ ፈቃድ መጋዝና ሌላ የዛፍ መቁረጫ ይዞ በመንግሥት ደን ውስጥ መገኘትን ከልክሎ ነበር፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተተክቷል። ነገር ግን መለዋወጫን ማጥፋት ጨፍጫፊውን አያስቆመውም። እርሱ በሌሊት ለሚያገኘው ትርፍ ዕቃውን ከየትም ያመጣል፤ የሚጎዳው በጠራራ ፀሐይ የራሱን ባሕር ዛፍ የሚቆርጠው ገበሬ ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ1998 በሞተር መጋዝ ጣውላ መሰንጠቅን ከለከለች፤ ሥራው ግን በስውር ቀጠለ። ፊሊፒንስ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ የሞተር መጋዝ አስመጪን፣ ሻጭንና ባለቤትን በፈቃድና በምዝገባ አሠራር ውስጥ አስገባች። የታወቀ ሻጭና የታወቀ ጥገና ቤት ያለበት ገበያ ለምዝገባ ያመቻል፤ የማሽኑ ቁጥር ከባለቤቱ ስም ጋር ይጻፋል፣ ለጥገና ሲመጣም ይታያል። ደኑን ለመጠበቅ የሚፈልግ ሁሉ ይህን ገበያ ሊደግፈው ይገባል።

ዋጋ ይወደዳል የሚል ስጋትም ይነሣል። እውነት ነው፤ መለዋወጫና ዋስትና ያለው ማሽን ከሌለው በላይ ያስከፍላል። ሒሳቡ ግን በግዢ ቀን ብቻ አይዘጋም። ምርቱ በሚቆረጥበት የበጋ ወራት መጋዙ አንድ ሳምንት ቢቆም የሚታጣው የሥራ ቀን፣ የጫኝ ኪራይና የገበያ ዋጋ በርካሹ ማሽን የተገኘውን ቁጠባ ሊበላው ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ልብስ ማጠቢያንና ስልክን ለመሳሰሉ ዕቃዎች የመጠገን መብትን በመመሪያ ያጸደቀው ሸማቹ በየጊዜው ከሚገዛ ይልቅ እያስጠገነ ቢጠቀም እንደሚሻለው ስላመነ ነው። ከእነርሱ በጣም ያነሰ ገቢ ያለው የወሎ ገበሬ ይህ መብት የበለጠ ያስፈልገዋል።

ሕጋዊው መነሻ እጃችን ላይ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። የሸማቾች አዋጁም ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያዝዛል። የደሴና የኮምቦልቻ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች አዲስ ሕግ ሳይጠብቁ ከሞተር መጋዝ ሻጮች ጋር ተቀምጠው በአንድ ቅጽ ሊስማሙ ይችላሉ፦ በሱቁ የሚገኙት መለዋወጫዎች ከነዋጋቸው፣ የሌሉት በስንት ቀን እንደሚመጡ፣ የጥገና ባለሙያው ማን እንደሆነና ዋስትናው ለስንት ወር እንደሚጸና። የመስከረም ዝናብ አባርቶ የቆረጣው ወቅት ከመግባቱ በፊት ያ ቅጽ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ከቦሩ ሜዳ የሚወርደው ገዢ ከማሽኑ ላይ ያለውን ምልክት ከማየቱ በፊት እርሱን ማንበብ ይችላል፤ ቅጹ የሌለውን ሱቅ ደግሞ አልፎ መሄድ መብቱ ነው።